የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ በደጋ ከተማ፦ ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የብርድ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙና ዝናቡ ቀኑን ጭምር ያቀዘቅዘዋል። ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ባሉት አካባቢዎች ውርጭ እንግዳ ነገር አይደለም። በብረት ማማ ላይ በተቀመጠ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውኃ ንጋት ላይ እጅ ያደነዝዛል። በዚያ ውኃ ሕፃን ማጠብ ወይም አራስና አረጋዊ ገላቸውን እንዲታጠቡ ማድረግ የሚታሰብ አይደለም።

ለዚህ ችግር የቀድሞው መፍትሔ ምድጃ ላይ የሚጣድ ድስት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ በደብረ ማርቆስም ሆነ በአማኑኤል፣ በሉማሜ፣ በደጀንና በቢቸና አዲስ የሚሠራ ቤት የገላ መታጠቢያ ክፍል እየታሰበለት መጥቷል። ልጆቹን ለማስተማር ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠራ አርሶ አደርም ቢሆን ከቧንቧውና ከሰሚንቶው ቀጥሎ የውኃ ማሞቂያ ጉዳይ ይገጥመዋል። በሱቅ ውስጥ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው፦ የሚሞቀው ውኃ ምን ያህል ቀዝቃዛ ነው? ምሽት ላይ ወደ ቤቱ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ጉልበት አለው? ግድግዳው ክብደቱን ይሸከማል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤቱ የመሬት ሽቦ አለው ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ የምቾት ሳይሆን የሕይወት ጥያቄ ነው።

በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች

በሱቆች ከሚሸጡት መካከል ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ውኃ አጠራቅሞ ቀስ እያለ የሚያሞቅ፣ ሙቀቱ እንዳይባክን በአረፋ የተሸፈነ በርሜል ያለው ሲሆን በተለምዶ ቦይለር ይባላል። መጠኑ ከ10 ሊትር ጀምሮ እስከ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ የሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ዋት ነው። ሁለተኛው በርሜል የሌለው፣ ውኃው በውስጡ ሲያልፍ በቅጽበት የሚያሞቅ ፈጣን ማሞቂያ ነው። ይህ ትንሽና ቀላል ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ የሚጠይቀው ኃይል ግን ከ3.5 እስከ 6 ኪሎ ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ከሻወሩ ራስ ጋር አብሮ የተሠራው ማሞቂያ የዚሁ ዓይነት ነው።

ፈጣን ማሞቂያ በዓለም ላይ ብዙ ተጠቃሚ አለው። በብራዚል፣ ለምሳሌ፣ ከሻወሩ ራስ ጋር የተጋጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እጅግ የተለመደ የቤት ዕቃ ነው። በአብዛኛው የብራዚል ክፍል ግን ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ ማሞቂያው የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ይኸው ዕቃ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲገጠም ሌላ ዕቃ የሆነ ያህል ይለወጣል። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል።

የቀዝቃዛ ውኃ ስሌት

አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህ መጠን በየትኛውም ማሞቂያ፣ በየትኛውም አገር አይለወጥም። ለገላ መታጠቢያ የሚመች ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሮቶ የሚወርደው ውኃ 15 ዲግሪ ቢሆን በ25 ዲግሪ መሞቅ አለበት። 5.5 ኪሎ ዋት ያለው ፈጣን ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይህን ሙቀት ሊሰጥ የሚችለው በደቂቃ ለ3 ሊትር ውኃ ብቻ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት ያለው ደግሞ ለ2 ሊትር። አንድ መደበኛ ሻወር በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ውኃ ስለሚያፈስ ተጠቃሚው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ ወይ ውኃውን አቅጥኖ እንደ ጅማት በቀጠነ ወራጅ መታጠብ፣ ወይ ለብ ባለ ውኃ መታገሥ።

በዝቅተኛው ቦታ ሁኔታው ይለያል። በባሕር ዳር ወይም በፍኖተ ሰላም ሙቀት ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ 22 ዲግሪ ቢደርስ ያው 5.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በደቂቃ ከ4 ሊትር በላይ ያሞቃል። ስለዚህ ባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ «የእኔ ግሩም ነው» ብሎ የመሰከረለት ማሞቂያ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ባለቤቱን ቢያሳፍር ዕቃው ተበላሽቶ ወይም ነጋዴው አታልሎ ላይሆን ይችላል።

ቦይለር ከዚህ ችግር የሚያመልጠው በጊዜ ነው። 50 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ1.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ይህ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ይወስዳል። የሞቀው 50 ሊትር ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ በስሌት 90 ሊትር፣ በተግባር ደግሞ 80 ሊትር ያህል የመታጠቢያ ውኃ ይወጣዋል። ፍሰቱም እንደ ልብ ነው። ኃይሉ በዝግታ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ የቤቱን ኤሌክትሪክ አያስጨንቅም።

የምሽቱ ኤሌክትሪክ

በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ይሁን እንጂ ከትራንስፎርመር ርቆ የሚገኝ ቤት ምሽት ላይ ይህን አያገኝም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ሁሉ ምድጃውንና መብራቱን ሲያበራ ኃይሉ ይደክማል፤ አምፖሉ ይገረጣል፣ ምጣዱም ይዘገያል። ብዙዎች ያልተረዱት የማሞቂያ ኃይል ከቮልቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በእጥፍ ድርብ የሚወድቅ መሆኑን ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የወረደው ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ማሞቂያው ግን ከሦስት እጅ አንዱን ኃይሉን ያጣል። በሱቅ 5.5 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው ማሞቂያ 3.7 ገደማ ይሆንና በደቂቃ 2 ሊትር ውኃ ብቻ ያሞቃል።

ቦይለሩም በተመሳሳይ ሰዓት ይዳከማል፤ ጉዳቱ ግን አንድ ተኩል ጊዜ መቆየቱ ብቻ ነው። ቆይቶም ቢሆን 60 ዲግሪ ይደርሳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ አስቀድሞ የሞቀው ውኃ በአረፋው ተሸፍኖ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ፈጣኑ ማሞቂያ ግን መብራት ሲጠፋ ሳሙና ላይ ያለውን ሰው ትቶት ይሄዳል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ተገልጿል። ጎጃምን ከቦ የሚያልፈው ዓባይ ይህን ያህል ኃይል እየሰጠ የቤት መብራት ለምን ይደክማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሱ በስርጭቱ መስመር ላይ ነው። ከማመንጫው እስከ ሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከዚያም እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ የሚሸከመው አቅም የተወሰነ ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ሃያ ቤቶች እያንዳንዳቸው 5.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በአንድ ምሽት ቢያበሩ የሚፈለገው 110 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይህም ለአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ከባድ ጭነት ነው።

በቤቱ ውስጥም ያው ነው። 5.5 ኪሎ ዋት 25 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከ16 አምፔር ያላነሰ ሲወስድ ይታያል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ ከ40 አምፔር በላይ ስለሚሆን ዋናው ብሬከር ይወድቃል፤ ካልወደቀ ደግሞ የሚግለው ሽቦው ነው። 1.5 ኪሎ ዋት ቦይለር የሚስበው 7 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቦይለሩን ማጥፋት የሚበቃ ጥንቃቄ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ደጋ ቤት አነስተኛ ዋት ያለው ቦይለር ከፈጣኑ ይመረጣል። ፈጣኑ ማሞቂያ የሚሻለው ቤቱ ለትራንስፎርመር ቅርብ ሆኖ ቮልቱ ምሽትም ሲጸና፣ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ሲዘረጋለትና ተጠቃሚው አንድ ወይም ሁለት ሰው ሲሆን ነው።

ምን ያህል ሊትር?

ይህ በቤተሰቡ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በአስተጣጠቡ ይወሰናል። በሻወር ለሚታጠብ አንድ ሰው 35 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ተገቢ ግምት ነው፤ በባልዲ ቀላቅሎ በጆግ ለሚታጠብ ግን ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃዋል። ስለዚህ 50 ሊትር ቦይለር በሻወር ሁለት ሰው፣ በባልዲ አራት ሰው በተከታታይ ያጥባል። ጠዋት በአንድ ጊዜ ተማሪና ሠራተኛ የሚወጣበት ቤት 80 ሊትር ቢመርጥ አይጸጸትም። 30 ሊትር ለብቻው ለሚኖር ሰው ነው፤ 10 እና 15 ሊትር የሆኑት ለማድ ቤት ዕቃ ማጠቢያ እንጂ ለገላ አይሆኑም። ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ መግዛትም ኪሳራ ነው፤ የማይጠቀሙበት ውኃ ሲሞቅና ሲበርድ ይኖራል።

ግድግዳውና የውኃው ግፊት

ውኃ የሞላው 50 ሊትር ቦይለር 65 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 80 ሊትሩ ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። አንድ ኩንታል ጤፍ በሁለት ቡሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመታት እንዲኖር እንደ መጠየቅ ነው። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ቤት፣ በሰሚንቶ የተለሰነም ቢሆን፣ ይህን አይሸከምም፤ ልስኑ ጠንካራ መስሎ ያታልላል እንጂ ከኋላው ያለው ጭቃና ማገር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከወለሉ ላይ የሚነሣ የብረት ማቆሚያ በብየዳ ቤት አሠርቶ ቦይለሩን በዚያ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይም ተራ ፊሸር ከጊዜ በኋላ ስለሚላላ ቡሎኑ ግድግዳውን ዘልቆ ከውጭ በብረት ሰሌዳ መያዝ ይኖርበታል።

የውኃው ግፊት ሌላው ጉዳይ ነው። ከሮቶ የሚወርድ ውኃ ግፊቱ በከፍታው ይወሰናል፤ አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው። ፈጣን ማሞቂያዎች የሚበሩት ውኃው በተወሰነ ጉልበት ሲያልፍ ስለሆነ በዚህ ግፊት አንዳንዶቹ ከነጭራሹ አይነሡም፤ ከመግዛት በፊት በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት ማየት ግድ ነው። ከበሩ በኋላ ፍሰቱ ድንገት ሲቀንስም ሌላ አደጋ ይመጣል። በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ያለ 5.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ፍሰቱ በደቂቃ ከ3 ሊትር ወደ አንድ ተኩል ሊትር ቢወርድ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ካላቆመው በስተቀር፣ ውኃው ወደ 67 ዲግሪ ይወጣል። ይህ ቆዳ የሚልጥ ሙቀት ነው።

የመሬት ሽቦ

ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ስሕተት ይቅርታ የለውም። ገላው የራሰ፣ ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ ሰው ለኤሌክትሪክ ምቹ መተላለፊያ ነው። በማሞቂያው ውስጥ ያለው ኤለመንት ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውኃው፣ ከውኃውም ወደ ታጣቢው ይሻገራል። የመሬት ሽቦ፣ በሙያተኞች አጠራር ኧርዝ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ በሰው ገላ ሳይሆን በእርሱ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ መንገድ ይሰጠዋል።

ችግሩ ብዙ ቤቶች ሲሠሩ ይህ ሽቦ አለመዘርጋቱ ነው። ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል፤ ከጀርባው ግን ምንም አልታሰረም። ማሞቂያው ያለ እርሱም ስለሚሠራ ባለቤቱ ጉድለቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው አደጋው በደረሰ ቀን ነው። ስለዚህ ማሞቂያ ከመግዛት በፊት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሙያተኛ ጠርቶ ኧርዙ መኖሩንና መሥራቱን በመሣሪያ ማስለካት ከሁሉም ወጪ የሚቀድም ወጪ ነው። ከሌለ ከመዳብ የተሠራ ወይም በመዳብ የተለበጠ ዘንግ እርጥበት ወዳለው አፈር በጥልቀት ተቀብሮ ከቤቱ መስመር ጋር ይያያዛል። በጎጃም በየቦታው የሚገኘው ዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዘንጉም ይላቀቃል። በነሐሴ ተለክቶ ደኅና የተባለ ኧርዝ በሚያዝያ ሊደክም ስለሚችል በደረቁ ወቅት ደግሞ ማስለካት ያስፈልጋል።

ሁለት የተለመዱ አቋራጮች አሉ፤ ሁለቱም ሊወገዱ ይገባል። አንደኛው የኧርዙን ሽቦ ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው። ቧንቧው እንደ ዛሬዎቹ ፕላስቲክ ከሆነ ምንም አይጠቅምም፤ ብረት ከሆነ ደግሞ አደጋውን ወደ ጎረቤት ቧንቧ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ኧርዙን በሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ሲሠራ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን የኒውትራሉ ሽቦ በነፋስ ወይም በእርጅና ከተበጠሰ የማሞቂያው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሞላል። ይህን የሚያደርግ ሙያተኛ ካለ ከቤት ማሰናበት ነው።

ከኧርዙ ጋር አብሮ መገጠም ያለበት ዕቃ በገበያው አር ሲ ዲ ወይም ኢ ኤል ሲ ቢ የሚባለው መከላከያ ነው። ተራው ብሬከር ሽቦን ከቃጠሎ ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። 16 አምፔር የሚል ብሬከር ለመውደቅ ከ16 ሺህ ሚሊ አምፔር በላይ ይጠብቃል፤ የሰውን ልብ ምት ለማዛባት ግን ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ሊበቃ ይችላል። 30 ሚሊ አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት አር ሲ ዲ ፍሳሹ እዚያ መጠን ላይ ሳይዘልቅ፣ ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። በላዩ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ አንድ ጊዜ መጫን ይገባል፤ ሲጫን ካልወደቀ አይሠራም ማለት ነው። ዋጋው ከማሞቂያው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። በጀት ቢያጥር ትንሽ ቦይለር ገዝቶ አር ሲ ዲ መጨመር ትልቅ ቦይለር ያለ አር ሲ ዲ ከመግዛት ይሻላል።

ሽቦውን በተመለከተ እስከ 2 ኪሎ ዋት ላለው ቦይለር 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ይበቃዋል። 5.5 ኪሎ ዋት ለሆነው ፈጣን ማሞቂያ ከ4 ያላነሰ፣ መስመሩ ከረዘመ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል። በዲቫይደር ወይም በተቀጣጠለ ገመድ ማብራት አይታሰብም። ማብሪያ ማጥፊያው ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ሆኖ ፌዙንና ኒውትራሉን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ ይህ በተለይ መብረቅ በሚበዛበት የክረምት ወር ይጠቅማል። ሰማይ ሲያጉረመርም ማሞቂያውን አጥፍቶ መታጠቡን ማቆየት ነው።

በባልዲ ውኃ ውስጥ የሚነከረው ባለ ሽቦ ማሞቂያ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በተለይ በተከራዮችና በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ኧርዝም ሙቀት መቆጣጠሪያም የላቸውም። ሶኬቱን ሳይነቅሉ ውኃው መሞቁን በእጅ መፈተሽ ለሞት የሚዳርግ ልማድ ነው።

ሂሳቡ

ሻጮች ፈጣኑ ማሞቂያ «መብራት አይበላም» ሲሉ ይደመጣል። በከፊል ብቻ እውነት ነው። 35 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ማሞቅ በየትኛውም ዓይነት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በሻወር ሲታጠብ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብሎ ማሰብ ይቻላል። አራት ሰው በየሁለት ቀኑ ቢታጠብ በወር 60 ይሆናል። ፈጣኑ የሚያድነው ቦይለር ቀኑን ሙሉ ሲበራ በቆዳው በኩል የሚያባክነውን ብቻ ነው፤ ይህም ቦይለሩን ከመታጠብ ሁለት ሰዓት በፊት አብርቶ ከዚያ በማጥፋት በአብዛኛው ይድናል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ሲሆን ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ የታሪፍ ማሻሻያ ተግባራዊ ሆኗል። ለገላ መታጠቢያ ብቻ የሚውለው ከላይ የተሰላው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለ ምጣዱና ያለ መብራቱ ከዝቅተኛው እርከን ያወጣል። አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ በሚያገለግልበት ግቢ ውስጥ ማሞቂያ ሲገባ የክፍያው ድርሻ አስቀድሞ ካልተነገረ ጠብ ማስነሣቱ አይቀርም።

በሱቅ ውስጥ

በዕቃው አካል ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ከካርቶኑ ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል። በእርሱ ላይ ዋቱ፣ ቮልቱ፣ ሊትሩና የውኃ መከላከያ ደረጃው መኖር አለባቸው፤ አይ ፒ ኤክስ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ ወደ ውስጡ እንዳይዘልቅ ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ለቦይለሮች 60335-2-21፣ ለፈጣኖቹ 60335-2-35 የሚል መለያ ያላቸውን የደኅንነት ደረጃዎች አውጥቷል፤ ቁጥሩ በመመሪያው ላይ መጠቀሱን ማየት መልካም ነው። በርሜሉ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ከሆነ ዝገትን በራሱ ላይ እየወሰደ የሚያልቅ የማግኒዚየም ዘንግ ይኖረዋል። ይህ ዘንግ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚቀየር መለዋወጫው ከዚያው ከተማ መገኘቱን ሻጩን መጠየቅ ይገባል። ኤለመንቱና ቴርሞስታቱም እንዲሁ። ለጥገና አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የሚያስኬድ ማሞቂያ ርካሽ አይደለም።

ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያላቸው ያምራሉ። መብራት በሚቆራረጥበትና ሲመለስ ኃይሉ በሚዘልበት አካባቢ ግን በእጅ የሚዞር ቀላል ቴርሞስታት ያለው ዕድሜው ይረዝማል።

አብሮ የሚመጣው የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ይገጠማል። 50 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.8 ሊትር ገደማ ያድጋል። ይህ ትርፍ በቫልቩ በኩል ይንጠባጠባል። አንዳንድ ሰው ጠብታው ሰልችቶት ቫልቩን ይደፍነዋል፤ ቴርሞስታቱ ከተበላሸ በዚያ ቀን በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ከቫልቩ ሥር ቀጭን ላስቲክ ገጥሞ ጠብታውን ወደ ፍሳሽ መውሰድ ቀላል መፍትሔ ነው።

ቴርሞስታቱ 60 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ በሞቀ ውኃ ውስጥ የሚራቡ ጎጂ ተሕዋስያንን ይገድላል። በዚህ ሙቀት ያለ ውኃ ግን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ስለሆነም ቀዝቃዛው ይቀድማል፣ ሙቁ ይከተላል፤ ልጅ ከመግባቱ በፊት ውኃው በክንድ ይፈተሻል።

በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ለአካባቢው ይስማማል፤ የወር ክፍያም የለበትም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ደመናም የኤሌክትሪክ ድጋፍ መፈለጉ አይቀርም።

ማሞቂያው ተገጥሞ ሲያልቅ መጀመሪያ የሙቁ ውኃ ቧንቧ ተከፍቶ፣ አየሩ ወጥቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ በርሜሉ ይሞላል፤ ኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። በባዶው የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ዋስትናውም አይሸፍነውም። የከተማው ውኃ ለቀናት ተቋርጦ ሮቶው ሲደርቅም ማሞቂያው ጠፍቶ ይቆያል፤ ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ያው ቧንቧ እንደ መጀመሪያው ቀን ተከፍቶ ይሞላል።